ክሪፕቶ አያያዝ፣ ግዢና ማይኒንግ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ሰው የተጻፈ መመሪያ

አብዛኛው ሰው ክሪፕቶን (እንደ ቢትኮይን ያለውን ዲጂታል ገንዘብ) የሚጀምረው ከኋላ ነው። መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ሻጭ ይፈልጋል፣ ብር ይልካል፣ ኮይኑ ሲመጣ «አሁን የት ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ በተቃራኒው እንሄዳለን። በቅድሚያ ማስቀመጫውን እናዘጋጃለን፣ ቀጥለን እንፈትነዋለን፣ ከዚያ በትንሽ ብር እንገዛለን። ማይኒንጉ (በማሽን ስሌት አዲስ ኮይን ማውጣቱ) ወደ መጨረሻው ነው፤ የመጣችሁት ለእሱ ብቻ ከሆነ ቀጥታ ወደዚያ ውረዱና ሒሳቡን ተመልከቱ።

ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ሞልተዋል፤ ግን የእኛን ኑሮ አያውቁትም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው የለበሰውን ብቻ ይዞ ወጥቷል። መብራትና ስልክ ጠፍቶ ነበር፤ ሲመለስ ቤቱን ተዘርፎ ያገኘውም ብዙ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። «ወረቀቱን ቤታችሁ ካዝና ውስጥ ቆልፉ» የሚለው ምክር እንዲህ ያለውን ጊዜ አያስብም። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ስትሠሩ አንድ ጥያቄ በአእምሯችሁ ይኑር፦ ነገ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ከነገ ወዲያ ቤት ለቅቆ መውጣት ቢመጣ፣ ገንዘቤን አገኘዋለሁ?

ከሁሉ በፊት ሕጉ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትና ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ክረምት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በክሪፕቶ ዝውውርና ማይኒንግ የተሰማሩ አካላት እንዲመዘገቡ ጠርቷል። ሁለቱን ለማስታረቅ ቴሌግራም ላይ የሚደክሙ «የሕግ ባለሙያዎች» አሉ፤ እነሱን አትስሙ። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የብሔራዊ ባንክን የቅርብ ጊዜ መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፤ ነገሩ ይለዋወጣል።

በተግባር ሦስት ነገር ያዙ። ሱቅ ያላችሁ ሰዎች የዕቃ ዋጋ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር በተስተካከለው ኮይን) አትቀበሉ። ለሌላ ሰው እየገዛችሁ ትርፍ አትያዙ፤ ያ ድለላ ነው፣ ተጠያቂነቱም የናንተ ይሆናል። ባንክ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ቢላችሁ የምትዋሹበት ግብይት ውስጥም አትግቡ።

ደረጃ 1፦ ስልኩን ማዘጋጀት

ዋሌት (የክሪፕቶ ማስቀመጫ አፕ) የሚጫንበት ስልክ ልጆች ጌም የሚያወርዱበት ስልክ መሆን የለበትም። ያገለገለ ስልክ ከገዛችሁ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሳችሁ (ፋክተሪ ሪሴት) እንደ አዲስ አስነሡት። መቆለፊያው በጣት የሚሳል መስመር ሳይሆን ቢያንስ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይሁን፤ የመስመሩን ቅባት ስክሪኑ ላይ በብርሃን ማየት ይቻላል።

አፕ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ። ዳታ ለመቆጠብ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር መቀበል እዚህ የተለመደ ነው፤ ለዋሌት ግን ክልክል ነው። ከኦፊሴላዊው ውጭ የተሠሩ፣ «ተጨማሪ ነገር አለው» የሚባሉ የቴሌግራምና የዋትሳፕ አፖችንም ከዚያ ስልክ አስወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ኮፒ ያደረጋችሁትን የዋሌት አድራሻ (ኮይን የሚላክበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ) በሌባ አድራሻ የሚተኩ ተገኝተዋል።

ስልኩ ተሰብሮ ጥገና ሲገባ ጠጋኙ «ፓስወርዱን ተውልኝ፣ ስክሪኑን ልፈትሽበት» ማለቱ አይቀርም። ልማድ ነው፣ ክፋት ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት ዋሌቱን ከስልኩ አጥፉት፤ የዋሌቱ መክፈቻ ቃላት (ደረጃ 3 ላይ እንመጣበታለን) በእጃችሁ ካሉ መልሶ መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስክሪኑ ጨርሶ ከሞተና ማጥፋት ካልተቻለ እዚያው ቆማችሁ አስጠግኑ።

ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢንተርኔት መድረክ) ላይ አካውንት ካላችሁ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቅ ኮድ፣ አብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ከምንም ይሻላል፤ ሲም ካርዳችሁን በስማችሁ ያስወጣ ሰው ግን ኮዱንም ይቀበላል፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ኮዱ አይደርስም። ጉግል ኦተንቲኬተርን የመሰለ አፕ ኢንተርኔት ሳይኖርም ኮድ ያወጣል። አንድ የኛ አገር ችግር ግን አለበት። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። ስልካችሁን በሐበሻ ሰዓት በእጃችሁ አስተካክላችሁ ከሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው፣ ኮዱም «የተሳሳተ» ይባላል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፤ የሐበሻውን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው ጫኑ።

ደረጃ 2፦ ዋሌት መምረጥ

ኤክስቼንጅ ላይ ያለ ኮይን በእናንተ ስም የተጻፈ ዕዳ ነው፤ ቁልፉ በእነሱ እጅ ነው። ማውንት ጎክስ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ኤፍቲኤክስ በኅዳር 2022 ሲከስሩ ደንበኞች ለዓመታት የፍርድ ቤት ወረፋ ጠብቀዋል። ኤክስቼንጁ ገዝቶ ለመውጣት ያገለግላል፤ ለማስቀመጥ አይሆንም።

ቢትኮይን ብቻ ለምትይዙ ብሉ ዋሌት ቀላል ነው። ብዙ ዓይነት ለምትይዙ ትረስት ዋሌት አለ። ገንዘቡ ከሁለት ወር ደሞዝ ካለፈ ግን ትሬዞር ወይም ሌጀር የመሰለ፣ ቁልፉን ከስልክ ውጭ የሚይዝ መሣሪያ ይሻላል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ካያችሁት አትግዙ። ውጭ ያለ ዘመድ ከአምራቹ ድረ ገጽ አዝዞ ይላክላችሁ። ሳጥኑን ስትከፍቱ አሥራ ሁለቱ ወይም ሃያ አራቱ የመክፈቻ ቃላት ወረቀት ላይ ተጽፈው ካገኛችሁ መሣሪያው የሌባ ነው፤ ቃላቱን መሣሪያው ራሱ ፊታችሁ ማውጣት አለበት።

ደረጃ 3፦ ቃላቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የተቀረው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው። ዋሌት ስትከፍቱ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣችኋል። ቃላቱ የሚወጡት 2,048 ቃላት ካሉት አንድ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ነው። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ አፑን የሠራው ድርጅት ቢዘጋም ቃላቱ ያሉት ሰው ገንዘቡን በሌላ ስልክ፣ በሌላ አፕ ይከፍተዋል። በዚያው ልክ ቃላቱን ያየ ማንም ሰው ባለቤት ነው፤ ፓስወርድ አይጠየቅም።

በእስክሪብቶ፣ በወረቀት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በተራ ቁጥራቸው ጻፏቸው። በአማርኛ ፊደል መጻፍ ለጊዜው ምስጢር ይመስላል፤ በኋላ አጻጻፉ ይጠፋችኋል። ስክሪንሾት አታድርጉ፤ ፎቶው እናንተ ሳታውቁ ወደ ጉግል ፎቶ ይወጣል። ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ አታስቀምጡ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ከዲግሪ ኮፒ እስከ ልደት ካርድ ሁሉም ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አትውሰዱት፣ ላሚኔትም አታስደርጉት። ላሚኔት የሚያደርገው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ፣ አስተካክሎ፣ አይቶ ነው የሚያስገባው።

ወረቀት በውኃና በእሳት ይሄዳል። መፍትሔው ብረት ነው። ኮምቦልቻም ደሴም ብረታ ብረት ቤት አይጠፋም፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ የማይዝግ ብረት አስቆርጡና ፊደሉን ቤታችሁ ገብታችሁ በመዶሻና በፊደል መምቻ፣ እሱ ከሌለ በጠንካራ ሚስማር ራሳችሁ ምቱ። ብየዳ ቤቱ እንዲጽፍላችሁ አትስጡ። ሙሉ ቃል መጻፍም አያስፈልግም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ቃላት በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች ብቻ ስለሚለዩ ለ12 ቃል ቢበዛ 48 ፊደል ይበቃል።

የት ይቀመጥ? ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ከተማ። አንዱ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና የልደት ካርድ ካለበት ፌስታል ጋር ይሁን፤ በጭንቅ ሰዓት ሰው ከቤት ይዞ የሚወጣው እሱን ነውና። ሌባም የሚያየው እሱን ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ስለዚህ በታሸገ ፖስታ ይሁን፣ ላዩ ላይ «ቢትኮይን» አይጻፍበት። ሁለተኛው ከደሴ ውጭ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለች እህት ወይም አክስት ዘንድ ይቀመጥ። ታሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርማችሁበት፤ በሄዳችሁ ቁጥር ማሸጊያውን ተመልከቱት። ተቀድዶ ካገኛችሁ አክስትን አታስቀይሙ፤ ዝም ብላችሁ አዲስ ዋሌት ክፈቱና ገንዘቡን አሻግሩ።

ስድስቱን ቃል እዚህ፣ ስድስቱን እዚያ መክፈል ብልህነት ይመስላል። አይደለም። አንዱ ግማሽ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ፤ አንዱን ግማሽ ያገኘ ሌባም ሥራው በጣም ይቀልለታል።

ለባል ወይም ለሚስት ደግሞ ፖስታው የት እንዳለና ምን እንደሆነ ንገሩ። ቃላቱን ያለማወቅ መብት አላቸው፤ መኖሩን ካላወቁ ግን ፌስታሉ አንድ ቀን ሲጸዳ ይጣላል። ሁላችሁም አንድ ነገር ያዙ፦ ቃላቱን በስልክ፣ በቴሌግራም ወይም በድረ ገጽ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሌባ ነው። «ሰፖርት»፣ «አድሚን»፣ «ቬሪፊኬሽን» ቢል ያው ነው።

ደረጃ 4፦ ባዶውን መፈተን

ዋሌቱ ባዶ እያለ የመቀበያ አድራሻውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ስድስት ፊደል ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ አፑን አጥፉት። እንደገና ጫኑና «ነባር ዋሌት» የሚለውን መርጣችሁ ከወረቀቱ እያነበባችሁ ቃላቱን አስገቡ። አድራሻው ያው ከሆነ ወረቀታችሁ ትክክል ነው። ከብረቱም አንድ ጊዜ ድገሙት። ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘልለዋል፤ ስልኩ የጠፋ ዕለት ሰባተኛውን ቃል ማንበብ ያቅተዋል።

ደረጃ 5፦ አድራሻና ኔትወርክ

የተላከ ኮይን አይመለስም፤ የሚደወልለት ባንክም የለም። የቢትኮይን አድራሻ በ1፣ በ3 ወይም በ«ቢሲ1» ይጀምራል። ኢቴሬምና ትሮን ሌሎች የክሪፕቶ ኔትወርኮች ናቸው፤ የኢቴሬም አድራሻ «0ኤክስ» ብሎ ይነሣል፣ የትሮን ደግሞ በ«ቲ» ፊደል። ዩኤስዲቲ በብዙ ኔትወርክ ላይ ስላለ ላኪና ተቀባይ አንድ ኔትወርክ መምረጣቸውን በቃል ተነጋገሩ። ውጭ ያለ ወንድማችሁ በአንዱ ልኮ እናንተ በሌላው ከጠበቃችሁ ገንዘቡ ተሰቅሎ ሊቀር ይችላል። በትሮን ለመላክ ብዙውን ጊዜ ለክፍያ የሚሆን ጥቂት ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ኮይን) ዋሌቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ሁልጊዜ መጀመሪያ ትንሽ ላኩ፣ መድረሱን እዩ፣ ከዚያ ቀሪውን። አድራሻ ከድሮ ዝርዝር ውስጥ ኮፒ አታድርጉ። ሌቦች ከምታውቁት አድራሻ ጋር ጫፎቹ የሚመሳሰል አድራሻ ፈጥረው ዜሮ ወይም ሳንቲም ይልኩላችኋል፤ ዓላማው በሚቀጥለው ጊዜ ተሳስታችሁ እሱን እንድትመርጡ ነው። መሃሉንም አንብቡ።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ «የዋህ» ሰው ቴሌግራም ላይ ብዙ ዩኤስዲቲ ያለበትን ዋሌት ቃላቱን ጽፎ «እንዴት ነው የማወጣው?» ይላል። እናንተ ለማውጫ ክፍያ ቲአርኤክስ ስትልኩ እሷ ወዲያው ትወሰዳለች፣ ዩኤስዲቲው ግን ንቅንቅ አይልም። የሰው ገንዘብ ሊወስድ የሞከረ አቤት የሚልበት ስለሌለ ይህኛው ሌባ ተመችቶታል።

ደረጃ 6፦ ግዢ

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብዙ ሰው ብሩን ወደ ዩኤስዲቲ ለመቀየር ይሯሯጣል። ዩኤስዲቲ ዶላር አይደለም፤ ቴዘር የተባለ ድርጅት ዋጋውን ከዶላር ጋር አስተካክሎ የሚያወጣው ኮይን ነው። ድርጅቱ ከፈለገ አንድን አድራሻ ማገድ ይችላል። የቢትኮይን ዋጋ በበኩሉ በዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ ወርዶም ያውቃል። የቤት ኪራይ፣ የእቁብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ብር አይገባበትም። አንድ ሙሉ ቢትኮይንም መግዛት የለባችሁም፤ አንዱ 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ነው፣ ከፍላችሁ ትይዛላችሁ።

በሕጉ ላይ ያልኩትን አስቡበት። ከዚያ በኋላም የሰው ለሰው ግብይት ውስጥ የሚገባ ካለ አደጋዎቹ እነዚህ ናቸው።

ኮይኑን ገለልተኛ ሆኖ አግቶ የሚይዝ መድረክ በሌለበት አትገበያዩ። «ከመድረኩ ውጭ እንጨርስ፣ ሬቱን አሻሽልልሃለሁ» ካለ ሰው ጋር ውይይቱ እዚያው ይቁም። ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ በጥሬ ብር መቀባበልም ይቅር፤ ብሩን ይዛችሁ እንደምትመጡ የሚያውቅ የማታውቁት ሰው አለ ማለት ነው።

በሚሸጥበት ጊዜ ዋናው ማጭበርበሪያ የውሸት ደረሰኝ ነው። ሙጋድ አካባቢ ሱቅ ያለው ወዳጄ አንዱን አሳይቶኛል። ጽሑፉ ከባንኩ መልእክት ጋር አንድ ነው፣ ስሙም የብሩ መጠንም ልክ ነው፣ የግብይት ቁጥርም አለው። ላኪው ግን በ09 የሚጀምር ተራ ስልክ ነበር። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። የላኪ ስምም ሊመሰል ስለሚችል መልእክቱን ትታችሁ አፑን ከፍታችሁ ሒሳባችሁን እዩ። ብሩ ገብቶ ካላያችሁት አልገባም። ኔትወርክ ከሌለና አፑ ካልከፈተ ገዢው የፈለገውን ያህል ቢጣደፍ፣ ቢሳደብ ኮይኑን አትልቀቁ።

ከዚህ የሚብሰው ብሩ በእውነት ሲገባና የላኪው ስም ሌላ ሲሆን ነው። መድረኩ ላይ ያለው ስም አንድ፣ ባንክ ላይ የላከው ሌላ ከሆነ ብሩ ከተጭበረበረ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል። ተበዳዩ ፖሊስ ዘንድ ሲሄድ ዱካው የሚያቆመው እናንተ ላይ ነው፤ አካውንታችሁ ይታገዳል፣ ደሞዛችሁም አብሮ። ስም ካልተመሳሰለ ብሩን ወደመጣበት ለመመለስና ግብይቱን ለመሰረዝ በመድረኩ በኩል ጠይቁ፤ ኮይኑን አትልቀቁ።

ግዢው ሲያልቅ በዚያው ቀን ወደ ራሳችሁ ዋሌት አውጡት። ዳታ የተቋረጠ ዕለት ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ግብይት ያላችሁ ሰዎች አትሁኑ።

በቀን ቋሚ ትርፍ የሚሰጥ፣ ሰው ባመጣችሁ ቁጥር የሚከፍል «ኢንቨስትመንት» ሁሉ ፒራሚድ ነው። ቢትኮኔክት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 እንዲህ ሲል ፈርሷል። ዘመድ ቢጋብዛችሁም ያው ነው፤ ዘመድ የሚጋብዘው እሱም ተጋብዞ ነው።

ደረጃ 7፦ ማይኒንግ፣ ሒሳቡ

ስልክ ላይ «ማይን» የሚያደርግ አፕ ቢትኮይን አያወጣም። ጉግልም አፕልም እ.ኤ.አ. በ2018 ስልኩ ላይ ማይን የሚያደርጉ አፖችን ከልክለዋል፤ ያሉት ቁልፍ የሚያስነኩ ጨዋታዎች ናቸው። በ2016 ከተማው ሁሉ ሲነካካው የነበረውን ሃምስተር የተባለ የቴሌግራም ጨዋታ ታስታውሳላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ተጫወቱ፣ ብር ግን አታስገቡ። ኢቴሬም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ማይኒንግን ስለተወ በጌም ኮምፒውተር ይሠራ የነበረውም አብቅቷል።

የቀረው የቢትኮይን ማሽን ነው። አንትማይነር ኤስ21 የሚባለው 200 ቴራሃሽ (የስሌት ጉልበት መለኪያ) ያወጣል፣ 3,500 ዋት ይበላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌት ተቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ተጥዶ እንደ መዋል ነው። በቀን 84፣ በወር ከ2,500 በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነው። ሽቦው 16 አምፔር ያለ ዕረፍት መሸከም አለበት፤ የብዙ ቤት መስመር ለዚያ አልተዘረጋም። ድምፁ 75 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ጎረቤት አያስተኛም። የጦሳ ብርድ ማሽኑን በነፃ ያቀዘቅዘዋል የሚል ቀልድ ሰምቻለሁ፤ ብርዱ ቆጣሪውን አያቀዘቅዝም።

ገቢውስ? እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም ያሉ የቢትኮይን ማሽኖች ጉልበት ተደምሮ ወደ አንድ ቢሊዮን ቴራሃሽ ደርሷል። ከእሱ የእናንተ 200፣ ከአምስት ሚሊዮን አንድ ነው። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየአሥር ደቂቃው ገደማ 3.125፣ በቀን 450 ቢትኮይን ይወጣል። ድርሻችሁ በቀን 9,000 ሳቶሺ ነው። ብቻችሁን ብትሠሩ አንድ ብሎክ (በየአሥር ደቂቃው የሚወጣውን 3.125 ቢትኮይን የሚያስገኘውን) ለማግኘት በአማካይ 95 ዓመት ይፈጃል። ዘጠኝ ሺውን በዕለቱ ዋጋ ወደ ብር ቀይሩና ከ84 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ የማሽኑን ዋጋና የመብራት መጥፋቱን ጨምሩበት። መብራት በሄደበት ሰዓት ማሽኑ ምንም አያስገባም።

እዚህ አገር የሚሠሩት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግ ስትከለክል የወጡ። ኃይል የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ፣ በውል፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ እሱም አዲስ ጠያቂ መቀበል ማቆሙን በ2017 አሳውቋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ «የማሽን ድርሻ እሸጥልሃለሁ፣ በየወሩ ይገባልሃል» የሚል ሰው ቢመጣ ውሉን፣ ፈቃዱንና ማሽኑን በዓይናችሁ ለማየት ጠይቁ። ሦስቱንም ማሳየት ካቃተው ተነሡ። የመሥሪያ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ላብ መብራት ላይ ማሽን መሰካት ስርቆት ነው፤ አንወያይበትም።

ደረጃ 8፦ ከተሰረቀ

ወዲያው የግብይት መለያውን፣ የሌባውን አድራሻ፣ የቴሌግራም ስሙንና የባንክ ደረሰኙን ሰብስቡ፤ ውይይቱን ከማጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት አንሡ። ብር የላካችሁበት ባንክ በአካል ሂዱና አሳውቁ፣ ፖሊስ ዘንድ አስመዝግቡ። ገንዘቡ ወደ ኤክስቼንጅ ከገባ በፖሊስ ደብዳቤ የሚታገድበት ዕድል አለ፤ ሰዓታት ይቆጠራሉ።

በቀጣዮቹ ቀናት «የጠፋ ክሪፕቶ አስመልሳለሁ» የሚል ሰው ይጽፍላችኋል። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሌባ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ የመጀመሪያው ነው።

ዋሌቱ ውስጥ የተረፈ ካለ በሌላ ንጹሕ ስልክ አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት ክፈቱና አሻግሩት። የአፑን ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይጠቅምም፤ ቃላቱ የታወቁበት ዋሌት ለሌባው እንደተከፈተ ይቀራል። የድሮውን ወረቀትና ብረት ከሁለቱም ከተማ ሰብስባችሁ አጥፉ፣ አዲሶቹን በቦታቸው ተኩ፤ አክስትም ፖስታው መቀየሩን ትወቅ።